ባለፍሬው ላስቲክና የሚስቴ በቅሎ

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ከጎንደር ወደ መተማ የወረድሁት በቅሎ ለማስመለስ ነው። በቅሏን ሚስቴ ስትዳር አባቷ የሰጧት ናት። አምና መተማ ላይ ሰሊጥ የሚነግደው የገዛ ወንድሟ ጥሩነህ በጠረጴዛ ቴኒስ አሸንፎ ወሰደብኝ፤ ሚስቴም ዓመቱን ሙሉ አኩርፋኛለች። ዘንድሮ ጥሩነህ «አያ አለሙ፣ ይምጡና ተጫውተው ያስመልሷት» ብሎ ሲልክብኝ የልብስ ስፌቴን ዘግቼ ተነሣሁ።

በካሚዮን፣ ቡና የተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድሁ። ከጭልጋ ወዲያ ጋቢዬን፣ ቆላው ሲጀምር ኮቴን፣ ኮኪት ስደርስ ትዕግሥቴን አወለቅሁ። እዚያ የማሽላ እንጀራ በወይካ ወጥ በልቼ በማግስቱ መተማ ገባሁ።

መተማ፣ ረፋድ

አምና የተሸነፍሁት ላስቲክ ባልተለጠፈበት መምቻ፣ በባዶ እንጨት ስለተጫወትሁ ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ በቀጥታ ከካርቱም ዕቃ ወደሚያስመጡት ወደ ሐጂ ኑር ሱቅ ሄድሁ። ሐጂ ሁለት የመምቻ ላስቲኮች አወጡ፤ የላስቲኮቹ ገጽ እንደ ሰሊጥ በተደረደሩ ጥቃቅን ፍሬዎች የተሞላ ነው።

«ረጅም ፍሬ ያለው ይተጣጠፋል። አጭሩ ግን ይገፋል» አሉና በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። «ወላሂ፣ በዚህ ኳሱን አትሸው፤ ቀጥ አድርገህ ምታው።»

አጭሩን በሁለት ጠገራ ብር ገዛሁ። «ማጣበቂያም ጨምርበት» ቢሉኝ ሣቅሁ። ግራሩ ሁሉ ሙጫ በሚያነባበት አገር ማጣበቂያ የሚገዛ ማን ነው? ሙጫ በውኃ በጥብጬ ላስቲኩን እንጨቱ ላይ ለጠፍሁት።

ከሰዓት፣ ጥሩነህ ግቢ

ጠረጴዛው በሰሊጥ ጆንያ ላይ የተጋደመ ሳንቃ ነው፤ ዳኛው ሐጂ ኑር ናቸው። እንደተመከርሁት ቀጥ አድርጌ እመታለሁ፤ አሥራ ስምንት ለአሥራ ሁለት መራሁ። ግን ሙቀቱ! ላቤ ከክንዴ ወርዶ ሙጫውን አሟሟው። አንዱን ኳስ ስመታ ላስቲኩ ሸርተት ብሎ ወደቀ፤ ኳሱም እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

«ነጥቡ የጥሩነህ ነው» አሉ ሐጂ፣ እንባቸው እስኪወርድ እየሣቁ።

ከዚያ ወዲያ በባዶ እንጨት ቀጠልሁ። ጥሩነህ ኳሱን ከፍ አድርጎ ያቀብለኛል፤ እኔ ከአጥሩ ባሻገር እሰድደዋለሁ።

«ኧረ አያ አለሙ፣ እንደ ምንም ያሸንፉኝ እንጂ!» አለ በመጨረሻ።

ሃያ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ ተሸነፍሁ። ጥሩነህ እንደ ተሸናፊ አንገቱን ደፋ። ለካስ በቅሎዋ ሰሊጥ ሊገዛ የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ እየነከሰች ገበያውን ዘግታበታለች። እንዲያው ልመልሳት ቢል እንዳልቀየም ፈርቶ፣ ሊሸነፍልኝ ነበር የጠራኝ።

«በእመቤቴ፣ ይውሰዱልኝ» አለና ልጓሟን እጄ ላይ አኖረው። አፈርሁ፤ ተናደድሁም። የሚስቴን ፊት አስቤ ግን ተቀበልሁት።

ጎንደር

ከዚህ ጉዞ ላስቲክ መምረጥን ተማርሁ፤ ማጣበቂያም የሚናቅ አለመሆኑን። በሰባተኛው ቀን አመሻሽ ላይ፣ እግሬ ቆስሎ፣ በቅሎዋን እየሳብሁ ቤቴ ደረስሁ። ሚስቴ በደስታ የበቅሎዋን አንገት አቀፈች፤ ቀጥላ ወደ እግሬ አየች።

«በቅሎ ይዘህ ይህን ሁሉ መንገድ በእግርህ?»

«ተጫውቼ አላሸነፍኋትማ፤ እንዴት ልቀመጥባት!» አልኋት።