ዘሪቱ ይዛው የሄደችው ፕላን

ዘሪቱ ሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ ከፓሳዴና ከፍ ብሎ አልታዲና በሚባለው ሰፈር፣ ከጋሼ ዳኜ ጓሮ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ አሥራ ስድስት ዓመት ኖራለች። ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች መንከባከብ ነው። የጋሼ ዳኜ ባለቤት እትዬ ዕንቁ አልጋ ሲይዙ ያጠበቻቸው፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን የከደነችላቸው እሷ ናት። በለቅሶው ላይ ጋሼ ዳኜ፣ «ከእንግዲህ እህቴ ነሽ» ብለዋታል።

የሰደድ እሳቱ የመጣው የገና ዕለት ማምሻውን ነው። በማግስቱ የፊቱም የጓሮውም ቤት አመድ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ዳኜ ግሌንዴል ልጃቸው ዶርካስ ዘንድ ገቡ። ዘሪቱ የሥራ ባልደረባዋ ሶፋ ላይ ተጠጋች።

ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱን ለምና የኋላ ክፍሉን አስፈቀደችና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት የተቃጠለበትን ሐበሻ ሁሉ ትሰበስብ ጀመር። እንግሊዝኛ የሚከብደውን ፎርም ታስሞላለች፤ መኪናው የነደደበትን ድራይቭ አድርጋ ታደርሳለች። በስምንት ወር አሥራ አንድ ቤተሰብ መጠጊያ አገኘ። «አንቺስ?» ሲሏት፣ «ጋሼ ዳኜ ሲሠሩ እገባለሁ» ትላለች። ቃል ገብተውላታል።

ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ለግንባታው ፈቃድ ካውንቲው አስተዳደር ቢሮ የምትመላለሰውም እሷ ነበረች። ሁለት ጊዜ ፊርማ ጎድሎ ተመለሰች። በሦስተኛው ጊዜ የቢሮው ሠራተኛ የቤቱን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ፕላን ማንበብ የማታውቀው ዘሪቱ፣ «የጓሮው ቤት የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ አጎንብሳ አየች። «ጓሮው ላይ ቤት የለም። መዋኛ ነው።»

ጠቅልላው መውጣት ትችል ነበር። ወረቀቱ ግን የተሟላ ነው፤ ከኋላዋም ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። አስገባችው።

ከዚያ በቀጥታ ግሌንዴል ሄደች።

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?»

«ልጆቹ ናቸው፣ ዘሪቱ። ቤቱን በስማቸው አዙሬዋለሁ። እኔ ምን አቅም አለኝ?»

«ስለ አቅም አልጠየቅኩዎትም። ያውቁ ነበር ወይ?»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን አሹ። «አውቅ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ደግሞም... አንቺ ከተውሽው ወረቀቱን የሚያስጨርስልን ሰው አልነበረንም።»

ዶርካስ ሻይ ይዛ ስትገባ ዘሪቱ ቆማ ነበር። «ኦኬ» ብላ ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሰዉን ስም ዝርዝር ለሌላ ሰው አስረክባ ከስብሰባው ቀረች። ምክንያቷን የጠየቃት አልነበረም፤ አብዛኞቹ በየቤታቸው ገብተው ቅዳሜው ራሱ ሳስቶ ነበር። አሁን የምትኖረው ላንካስተር፣ ከበረሃው ዳር፣ በደባልነት ነው።

ቤቱ ሲመረቅ ጋሼ ዳኜ ራሳቸው ደወሉላት። የምትንከባከባትን አሮጊት አንሶላ እየቀየረች ነበር። ስማቸውን ስልኩ ላይ አየችው፤ ጠርቶ ጠርቶ እስኪያቆም ጠበቀች። መልሳም አልደወለች።