ባስኩሉ ያላየው ክንድ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ተረት የሚነግረን በአፉ ብቻ ሳይሆን በክንዱም ነበር። ጎጃም በረንዳ ካለው የጥራጥሬ መደብሩ ማታ ሲመለስ መብራት ጠፍቶ ከጠበቀው ደስታችን ነው፤ ፋኖሱ አጠገብ ቁጭ ይልና እጅጌውን ሰብስቦ ግድግዳው ላይ በጥላ አንበሳ ያቆምልናል። ጆንያ ያፈረጠመው ክንድ ነበርና አንበሳው አንገተ ወፍራም ነበር።

ልቡን ካመመው ወዲህ ግን አንበሳው ከሳ። ሰዓቱ ወደ ክርኑ ይንሸራተት ጀመር። እናቴ አጥሚቱን፣ እንቁላሉን፣ ሥጋውን አላጓደለችም፤ እሱም ይበላል። ታዲያ የበላው የት ገባ? ያኔ ይህ ጥያቄ መቀመጫ አሳጣኝ፤ ደብተሬን እከፍትና መልሼ ዘግቼ ክንዱን ለማየት እሄዳለሁ።

የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ወርቄ መልሱን ያገኙት መሰላቸው። አንድ ቀን ሊጠይቁት መጥተው እናቴን፣ «ወንድሜን በረሃብ ልትፈጂው ነው እንዴ? አጥንቱ ቀረኮ!» አሏት፣ ጎረቤት እየሰማ። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ አባቴን ስታበላ የሳሎኑን በር ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ ብርድ ቢሆን፣ ዝናብ ቢያስገባ ግድ የላትም፣ የግቢው ሰው ሁሉ እንዲያይላት።

አባቴ ነገሩን ሊያበርድ እህቱን መደብሩ ወስዶ ጆንያ የሚመዘንበት ባስኩል ላይ ወጣ። ለነጋዴ ቤተሰብ ከሚዛን በላይ ዳኛ የለም። ኪሎው ከድሮው ንቅንቅ አላለም። እትዬ ወርቄ አፋቸውን ያዙ፤ ዘመድ ሁሉ «ተመስገን» ብሎ ሐኪም ቤት የመሄዱን ነገር ተወው።

«እኔንስ ሚዛኑ ነጻ አወጣኝ፤ ክንዱን ማን በላው?» ያለችው እናቴ ብቻ ነበረች። ካልሲው እግሩ ላይ ጎድጓዳ ምልክት ሲተው አይታለች። እየተጨቃጨቀች ወሰደችው። ሐኪሙ፣ «እንዲህ ያለ የቆየ ሕመም ራሱ ጡንቻ ይጨርሳል፣ ሰውየው እየበላም። ኪሎው ያልወረደው እግሩና ሆዱ ውሃ ስለቋጠሩ ነው» አለ። መድኃኒት ጨመረለት፤ ቀስ እያለ እንዲንቀሳቀስም አዘዘው።

በዚያ ሳምንት አባቴ እትዬ ወርቄ ባሉበት አዲስ ተረት አወጣ። አንድ ሰው ባቄላው ሲያልቅበት ቁልፍ ያዧን ሚስቱን ሌባ ብሎ ያባርራል፤ ኋላ አንዷን ፍሬ ቢሰብራት ውስጧ ነቀዝ። እትዬ ወርቄ ሳያስጨርሱት ተነስተው እናቴን አቅፈው አለቀሱ። እናቴም ይቅር አለቻቸው፤ ከልቧ ይመስለኛል።

ዛሬም የታመመ ልጠይቅ ስሄድ ኪሎውን አልጠይቅም፤ ጨብጬው ስቀመጥ ክንዱን ቀስ ብዬ ዳሰስ አደርጋለሁ። ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ተናግሮ፣ እትዬ ወርቄ አልቅሰው፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላም እናቴ፣ አባቴ እስኪሞት ድረስ፣ አንድ ቀን እንኳ በሩን ዘግታ አላበላችውም።