የጾሙ ድስት

ሪያድ፣ ዑድ ሰፈር ካለች አንዲት ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ቤቱን የማዝዘው እኔ ነበርኩ። ባለቤቱ በዋስትና ያስመጣኝ ሳዑዲያዊው ከፊሌ ነው፤ ደግ ሽማግሌ፣ ትርፍ ላይ ግን ቀልድ የማያውቅ። ዓርብ ዓርብ ከዑረይጃና ከራውዳ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ይመጣሉ። ዓርብ ደግሞ ጾም ስለሆነ ከሥጋው ጎን ሁልጊዜ አንድ ድስት ምስር እጥዳለሁ።

ሁዳዴና ረመዳን በተገጣጠሙበት ዓመት ከፊሌ ጠራኝና፣ "አሁን የምንከፍተው ለማታው ኢፍጣር ብቻ ነው። ሰው የሚፈልገው ሥጋ ነው፤ ምስርሽን ተይው" አለኝ። ደሜ ፈላ። እነዚያ ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሥጋ ሲቀቅሉ ሰንብተው፣ ትኩስ የጾም ምግብ የሚያገኙት እኛ ጋ ብቻ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ወሎዬ፣ ሙስሊም ነው፣ ስነጫነጭ ሰማኝ።

"አብሽሪ እህቴ፣ እናንተስ ስትጾሙ እስከ ማታ ትውሉ የለ? ለመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አብረን እናቅርበው።"

ከፊሌን አንድ ዓርብ እንዲሞክርልኝ ለመንኩት። "ያላ፣ እናያለን" አለ።

ዓርብ አዛን ሲል ሙስሊሞቹ በቴምር አፈጠሩ፤ የኛዎቹም በልባቸው አማትበው እህል ቀመሱ። ቤቱ ጢም ብሏል። ከፊሌ ወደ ሴቶቹ እያየ፣ "እነሱም ጾመኞች ናቸው?" አለኝ።

"ከጠዋት ጀምሮ።"

ፊቱ ተለወጠ። ጾመኛ ማብላት በእነሱ ዘንድ ትልቅ ምንዳ አለው። "ኸላስ፣ ከእነሱ ገንዘብ እንዳትቀበሉ። በእኔ ነው።"

እጅ ነስቼ ማመስገን ሲገባኝ፣ "አይሆንም" አልኩት። "ምጽዋት ካደረግከው ከረመዳን ጋር ያልቃል። ደንበኞች ናቸው፣ ይክፈሉ። ድስቱ ግን ከዒዱም በኋላ ይጣድ።"

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ያለው በከፊሌ እጅ ነው፤ ቢቀየመኝ መባረሬ ነበር። ሽማግሌው ትክ ብሎ አየኝና ሳቁ አመለጠው። "ለካ ነጋዴዋ አንቺ ነሽ! ይጣድ" አለ። እኔ እስክለቅ ድረስ አንድም ዓርብ ሳይጣድ አልቀረም።

የዚያን ዕለት ሴቶቹ ከፍለው ሲወጡ አንዷ ወደ ወጥ ቤቱ ብቅ አለች።

"እህቴ፣ ምስሩ ጨው በዝቶበታል። ለሚቀጥለው ዓርብ አስተካክዪው።"

ቀና ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው ያለችኝ። የተመጸወተ ሰው እንዲህ አይናገርም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።