«ትንሽ ልረፍ»

አባዬ «ሲጋራ ላጭስ» ብሎ አያውቅም፤ «ትንሽ ልረፍ» ነበር የሚለው። ከካራቆሬ ማሾና ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ ጀውሃ ላይ መኪናውን ያቆምና መንገድ ዳር ካለች አንዲት ግራር ሥር ተቀምጦ አንድ ይለኩሳል። ትምህርት ሲዘጋ ከጎኑ ተሳፍሬ እሄድ ስለነበር ሽታውን ዛሬም አውቀዋለሁ፦ ናፍጣ፣ ሽንኩርትና ትንባሆ። ትታዘቡኝ ይሆናል እንጂ ይናፍቀኛል።

እናቴ ግን ቃሉን አትወደውም። «ልረፍ አትበል አንተ ሰው! የሚያርፍ እኮ የሞተ ነው!» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እኛ ልጆቹም ብሶብን፣ ሲያጨስ ባየነው ቁጥር «አባዬ አረፈ!» እንባባል ጀመር።

አንድ ቀን ሸዋ ሮቢት ቤታችን ደጃፍ ላይ እያጨሰ ልቡ ድው ድው አለበት። «ሙቀቱ ነው» አለ። በእኛ ቆላ ጥፋተኛ ሲጠፋ ሁሉም በሙቀቱ ይላከካል። እናቴ ባጃጅ ጠርታ እሱንም እኔንም ጤና ጣቢያ ይዛን ሄደች።

ነርሷ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን ለካችና «ጋሼ፣ አሁን አጭሰው ነው የመጡት?» አለችው።

«ትንሽ አርፌ ነው» አላት።

እናቴ አንገቷን ደፋች። ነርሷ ግን ነገሩ ገባትና ሳቀች። ከወንበር ሳይነሳ አቆይታው ደግማ ስትለካው ልቡ ረገብ ብሏል።

«አዩ፣ ሲጋራው ወዲያው ልብዎን ያስሮጠዋል፣ የደም ሥርዎን ያጠበዋል። ጭሱም ደምዎ የሚሸከመውን አየር ይሻማዋል። እርስዎ ሲያርፉ ልብዎ ዳገት ይወጣል» አለችው።

አባዬ «ቆሞ ነዳጅ መርገጥ ነው በይኛ!» አለ።

በአንድ ጊዜ አልተወም፤ ግትር ነበር። ሲጨንቀው ይነጫነጫል፣ እኛም እንሸሸዋለን። በመጨረሻ ግን ተወ። ጀውሃ ሲደርስ እዚያችው ግራር ሥር መፋቂያውን እያኘከ ይቀመጣል። «ትንሽ ልቀመጥ» ማለትም ለመደ። እኔ በልቤ ኮራሁበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ሳለሁ እህቴ ደወለች።

«አባዬ አረፈ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ይህን ሁሉ ዓመት ትቶት ደግሞ ጀመረ? መፋቂያውን ምን በላው?» ብዬ ጮህኩባት።

ከኋላዋ እናቴ ስታለቅስ ሰማሁ።