በለቅሶ ድንኳን የተሰጠን የጤና ትምህርት

ብዋሽ ዕድሜዬን ያሳጥረው፤ የምነግራችሁ አንድም ሳይቀር እውነት ነው። የአዳማ ፀሐይ ድንጋይ በሚያቀልጥበት ቀን፣ የሰፈራችን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለጥላ ብለን በተከልነው የዕድራችን የለቅሶ ድንኳን ሰብስባን «ሐዘን ካላወጡት ያሳምማል» እያለች ታስተምረናለች። እኔ አርሲ ነገሌ ካለችው እህቴ ጋር ተኳርፈን ዓመታት አልፈዋል።

«አባባ፣ እርስዎስ?» አለችኝ አስተማሪዋ።

«የእኔ ልብ ግመል ነው ልጄ፤ የጫኑትን ይሸከማል!» ብዬ ሰዉን አሳቅሁት።

ሳቁ ሳያበቃ አንዲት ሴት ደረቷን እየደቃች ገባች። «ወንድሜ! ሳንታረቅ ሄድክብኝ!» እህቴ ነበረች። ድንኳኑን አይታ ለቅሶ መስሏት ነው። «አለሁ እኮ!» ብዬ አቀፍኳት። የቆቃን ግድብ የሚሞላ እንባ እያፈሰስን ተላቀስን።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ጨምሬያለሁ፤ «እህቴ ነበረች» ያልኩትን። ሴትዮዋ ድንኳን የተሳሳተች የሌላ ሰው እህት ነበረች።