ከጎኑ የቆመችው ጥቁር ፒካፕ

ኖርሊን ታኬት ባሏን ጀሮልድን በቀበረች ማግስት ጋራዡን ከፍታ ብትገባ ፒካፗ የለችም። ወለሉ ላይ የቀረው አንድ የዘይት ጠብታና የጎማ ምልክት ብቻ ነው። ሌባ መስሏት ለፖሊስ ልትደውል ስልኩን እንዳነሳች ጎረቤቷ ኤፍራይን አርሜንታ ከአጥሩ ማዶ ተጣራ።

"ሮይስ ነው የወሰዳት። ትናንት ሁላችሁም ከቀብር መልስ ቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ እያላችሁ፣ እኔ ጫማ ልቀይር ብመጣ በተጎታች ጭኖ ሲወጣ አገኘሁት። አንቺ የፈቀድሽለት መስሎኝ ዝም አልኩ።"

"የወንድሙን አፈር ከእጁ ሳያራግፍ?" አለች ኖርሊን።

ሮይስ የጀሮልድ ታናሽ ወንድም ነው። ሦስት መንገድ አልፎ፣ እዚያው ኦይልዴል ውስጥ ይኖራል። ኦይልዴል ከቤከርስፊልድ ከተማ በወንዙ ማዶ ያለች ሰፈር ናት፤ አያቶቻቸው አቧራና ድርቅ ከኦክላሆማ ያባረራቸው፣ የነዳጅ ጉድጓድ እየቆፈሩ ያረጁ ሰዎች የሚኖሩባት። እዚያ ሰው የሚታወቀው በሚነዳው መኪና ነው። ከመኪና ሁሉ ደግሞ የሚከበረው ሆት ሮድ ነው፤ የአያት ዘመን ቦዲ ላይ ጉልበተኛ ሞተር ጭነው፣ ጣሪያውን ዝቅ አድርገው፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ለትዕይንት የሚያወጡት።

የጠፋችው የ1934 ፎርድ ፒካፕ እንዲያ ያለች ነበረች። ሽማግሌው ታኬት፣ የጀሮልድና የሮይስ አባት፣ ከአንድ እርሻ ጓሮ ሲያመጣት ዶሮ የሚያድርባት ዝገት ነበረች። ጀሮልድ የኤሌክትሪክ ገመዷን ዘረጋ፣ ወንበሯን ሰፋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወሬዋን አወራ። ብረቱን የሠራችው ግን ኖርሊን ናት። ሃያ ሰባት ዓመት በባትላሜራ ሥራ የኖረች፣ በሠራችበት ጋራዥ ሁሉ ብቸኛዋ ሴት፣ ላሜራን በጣቷ አንኳኩታ ከቀለሙ ሥር ምን ያህል ስቱኮ እንዳለ የምትናገር ሴት ናት። ጣሪያውን ዝቅ ለማድረግ ብቻ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶባታል። ምሰሶዎቹን ቆርጠህ፣ ከመሃል ቁራጭ አውጥተህ፣ መልሰህ ስትበይድ ፀጉር ታህል ከተሳሳትክ በሩ አይዘጋም፣ መስታወቱም አይገባም። ኖርሊን አልተሳሳተችም።

ጉዱ ሊብሬው ላይ ነበር። የሽማግሌው ታኬት ስም እንደተጻፈበት ቀርቷል። ጀሮልድ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "ነገ እናዛውረዋለን" ሲል ኖሮ፣ ነገ ሳይመጣ ልቡ ቆመ። ሮይስ ይህን ያውቃል። ኖርሊን ጠበቃ ዘንድ ብትሄድ፣ "መከራከር ይቻላል፤ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ መኪናዋም እስከዚያ በእሱ እጅ ናት" አላት። ሮይስ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ኖርሊን፣ አባቴ የተዋት ናት። ሴት ሆነሽ ምን ታደርግልሻለች?" ብሎ ዘጋባት።

ይህን ሁሉ ኖርሊን ትውጠው ነበር። ሰው ንብረት ያጣል፣ ይረሳል። ያልተዋጠላት በግንቦት፣ በከተማው የመኪና ትዕይንት ላይ የሰማችው ነው። ሰው መሃል ተሸሽጋ ብታይ፣ ሮይስ በተወለወለችው ጥቁር ፒካፕ ጎን ቆሞ፣ አውራ ጣቱን ቀበቶው ውስጥ ሰክቶ ያስረዳል። "ይኼን ጣሪያ ያወረድነው እኔና ወንድሜ ነን፤ ነፍሱን ይማረውና።"

"ሚስቱም መኪና ሠሪ ናት ሲሉ ሰምቼ ነበር" አለ አንዱ።

"ማን፣ ኖርሊን?" ሮይስ ሳቀ። "ጎበዝ ናት! ሳንድዊች ታመጣልን ነበር።"

ሰው እያየኝ ነው ብላ እንኳ ሳታስብ በመጣችበት እግሯ ተመለሰች። ቄሱ ኋላ ላይ ስለ ይቅርታ ሊመክራት መጥቶ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ኖርሊን ይህን ስለምታውቅ ጸሎቱን ተወችው እንጂ ቂሙን አልተወችም።

በመስከረም አንድ ትልቅ ሣጥን በጭነት መኪና መጣላት። ውስጡ አዲስ ብረት ነው፤ በ1934ቱ ፎርድ ልክ የተባዛ የፒካፕ ካቢን፣ ዝገት የማያውቅ፣ ዶሮ ያላደረበት። ኤፍራይን ዙሪያውን ዞሮ አየውና ከንፈሩን መጠጠ። ጡረታ የወጣ የሞተር ሰው ነው፤ አሮጌ ነገር ይወዳል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይኼ እኮ ቅጂ ነው። ትንሽ ብትታገሺ ዋናውን እናገኝልሽ ነበር።"

"ዋናውን ሠርቼ ሌላ ሰው ወሰደው። አሁን የምፈልገው የማንም አባት ስም የሌለበትን ነው። ሞተር ትሠራልኛለህ አትሠራልኝም?"

"ምን ዓይነት ሞተር?"

"ሮይስ አልጋው ላይ ተኝቶ የሚሰማው።"

ኤፍራይን ሳቀ፤ የሸሚዙንም እጅጌ ሰበሰበ።

ሁለት ክረምት ሠሩ። አዲስ ብረት ቀላል ይመስላል እንጂ የራሱ ተንኮል አለው፤ የግራው በር ከላይ ጠቦ ከታች ሰፋ፣ ኮፈኑ ከራዲያተሩ ጋር አልገጥም አለ። ኖርሊን ማጠፊያዎቹን ሦስቴ ነቅላ ሦስቴ መለሰች። ኤፍራይን ከአደጋ መኪና የወጣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ፈታትቶ እንደ አዲስ ገጣጠመ። ጣሪያውን ስትቆርጥ ግን ማንንም አላስጠጋችም። የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ኖርሊን የብየዳ ጭንብሏን አጥልቃ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ እያያት ሠራች። ሮይስ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አይቆምም። ቁርስ በሚበላበት ቤት ደግሞ፣ "የወንድሜ ሚስት ፎቶ ኮፒ እየሠራች ነው" እያለ ያስቃል አሉ። ኖርሊን ይህን ስትሰማ መዶሻዋን እንኳ አላቆመችም።

ቀለም ሲደርስ ኤፍራይን፣ "ቀይ አድርጊያት፣ ትለያለች" አላት።

"እንድትለይ ማን ፈለገ? ጥቁር ነው። ያኔ የቀባሁት ጥቁር።"

በግንቦቱ ትዕይንት የምዝገባውን ጠረጴዛ የያዘችውን ሴት ለምና ቦታዋን ከሮይስ አጠገብ አደረገች። ጠዋት ሞተሩ እያጓራ ስትገባ ሰው ሁሉ ዞረ። ሁለት ጥቁር ፒካፖች ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዷ ከሌላዋ አትለይም።

"አሃ፣ ፎቶ ኮፒዋ መጣች!" አለ ሮይስ ጮክ ብሎ። ጓደኞቹ ሳቁ። ኖርሊን ታጣፊ ወንበሯን ዘረጋች፣ የበረዶ ሣጥኗን ከጎኗ አኖረች፣ ተቀመጠች።

ብዙ አልቆየም፤ ከፍሬስኖ የመጡ አንድ ባለ ገለባ ባርኔጣ ሽማግሌ መጥተው ሁለቱንም ከኋላ ሲያዩ ቆዩ። "የኋላው መስኮት ጥጉ እንዴት አማረ! ስትቆርጡት እንዴት አልተበላሸባችሁም?" ሲሉ ሮይስን ጠየቁት።

"ቀላል ነው። መሃሉን ቆረጥን፣ ላይና ታቹን አገጣጠምን። እኔ ይዤ፣ ወንድሜ በየደ።"

"ስንት ኢንች ነው ያወጣችሁት፣ ሮይስ?" አለች ኖርሊን ከወንበሯ ሳትነሳ።

"ሦስት ተኩል።"

"ከመስኮቱም?"

"ከመስኮቱም እንጂ! ጣሪያው ሲወርድ መስኮቱ የት ይቀራል?"

"እንግዲያው ያንተ መስኮት ካልተነካ መስኮት በሦስት ተኩል ያንሳል ማለት ነው።"

"አልኩሽ እኮ።"

ኖርሊን ከኪሷ ሜትር አውጥታ ለሽማግሌው ሰጠች። "አባባ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጣሪያዋ ያልተነካ የሠላሳ አራት ፎርድ ቆማለች። መጀመሪያ የእሷን መስኮት ይለኩ፣ ቀጥሎ የእሱን።"

ሽማግሌው ሄዱ፣ ለኩ፣ ተመለሱ፤ የሮይስንም ለኩ። ሰው ተሰብስቦ ነበር።

"አንድ ናቸው" አሉ። "ፀጉር ታህል ልዩነት የለም።"

"መስኮቱ አልተቆረጠማ" አለች ኖርሊን፤ አሁን ተነሥታለች። "ዙሪያውን ቆርጬ ከነፍሬሙ አወጣሁት፣ ሦስት ተኩል ኢንች ዝቅ አድርጌ መልሼ በየድኩት። ጥጉ ያልተበላሸው ለዚያ ነው። ያን ክረምት ሮይስ ጋራዣችንን ሁለቴ ረግጧል፤ ሁለቴም መሰላል ሊዋስ።"

አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። የሮይስ የገዛ ጓደኞች ሳይቀሩ ወደ ጫማቸው እያዩ ሳቁ። "ታዲያ የፎቶ ኮፒዋ ባለቤት የት እንደተበየደ ስታውቅ የኦሪጅናሉ ባለቤት አያውቅም እንዴ?" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ኖርሊን የበረዶ ሣጥኑን ከፈተች፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሳንድዊች አወጣች፣ የሮይስ መኪና ፓራፋንጎ ላይ በቀስታ አኖረችው። "ብላ እንጂ፣ ሮይስ። የኔ ድርሻ ይኸው አልነበር?"

"አንሺው! ቀለሜን ትጭሪዋለሽ!"

"የቀባሁት እኔ ነኝ። አይጫርም።"

በዚያ ቢበቃት ኖሮ ሰው ሁሉ ያመሰግናት ነበር። አልበቃትም። በሰኔ ሮይስ ለትዕይንት ታፍት ከተማ ሲሄድ ታፍት ሄደች። በሐምሌ ቴሃቻፒ፣ ከዚያ ፖርተርቪል። አንድ ቀን በጠዋት ደርሶ በግድግዳና በዛፍ መካከል ቢሸጎጥ፣ ኖርሊን መጥታ ከዛፉ ወዲህ ቆመች። አትሰድበው፣ አታነጋግረው። ወንበሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። ያለፈ ሁሉ ግን ይጠይቃል፣ "መንትያ ናቸው? ማን ሠራቸው?" ሮይስም ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል።

አንድ ማክሰኞ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጋራዧ ድረስ መጣ።

"ኖርሊን፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"አንድ ዓረፍተ ነገር። ትዕይንቱ ላይ ማይክሮፎን ይዘህ 'ጣሪያውን የሠራችው ኖርሊን ናት' በል። በነጋታው መኪናዬን ሌላ ረድፍ ላይ አቆማለሁ።"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"የሆንከውን ይልሃል።"

"በጀሮልድ ነፍስ ይዤሻለሁ…"

"ጀሮልድን ከአፍህ አውጣው! ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ተጎታች ይዘህ የመጣህ ሰው በነፍሱ አትለምነኝ።"

ሮይስ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። ዓረፍተ ነገሩን አልተናገረም። በነሐሴ ፒካፗን ለአንድ የኔቫዳ ሰው ሸጦ አረፈ። ወሬውን ያመጣው ኤፍራይን ነው።

"ደስ አለሽ?" አላት።

"ደስ አለኝ።"

እውነቷን ነበር። ሰዎች በቀል መራራ ነው ሲሉ ሰምታ መራራውን ጠበቀች፤ አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ በደንብ ተኛች። ቆይቶ የቆጫት ሌላ ነው፤ አንድ ክረምት ሙሉ የደከመችበትን ያን ጣሪያ ዳግመኛ አታየውም።

በጥቅምት ስልክ ተደወለ። የኔቫዳው ሰው ነው። በሩን ሲዘጋው ትንሽ ይነካል፣ እንዴት ላስተካክለው ብሎ ነው። ኖርሊን ማጠፊያውን ከየትኛው ብሎን እንደሚያላላ ነገረችው፤ ከዚያ፣ "ስሜን ማን ሰጠህ?" አለችው።

"ሻጩ ነዋ። የሽያጩ ወረቀት ላይ ራሱ ጽፎታል። 'የጣሪያውና የብረቱ ሥራ በሙሉ የኖርሊን ታኬት ነው።' ባይሆን እኮ ይህን ያህል አልከፍልም ነበር። እዚያ አካባቢ ስምሽ የታወቀ ነው አለኝ።"

በትዕይንቱ ሰው ፊት፣ በወንድሙ ነፍስ ሲለምናት እንኳ ከሮይስ አፍ ያልወጣው ዓረፍተ ነገር፣ ዋጋ የሚጨምር ሲሆን በገዛ እጁ ተጽፏል። ቀዝቅዟል ያለችው ደም እንደ አዲስ ፈላ።

"ጌታዬ፣ የዚያን ወረቀት ኮፒ ትልክልኛለህ?" አለች በለስላሳ ድምፅ።

ወረቀቱ በደረሰ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሮይስ ቁርስ ወደሚበላበት ቤት ነዳች። ሮይስ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር የማዕዘኑን ጠረጴዛ ይዞ እንቁላል ይበላል። ኖርሊን መነጽሯን አጠለቀች፣ ከራስጌው ቆመች፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ፊርማው ድረስ አነበበችው። ሁለተኛም አነበበችው፤ ወጥ ቤት ያሉት አልሰሙም ብላ።

"ፊርማው ያንተ ነው?" አለው ከጓደኞቹ አንዱ።

ሮይስ ሹካውን አስቀምጦ ወጣ። ኖርሊን የተወው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ብስኩት የሚሉትን ለስላሳ ዳቦ ከነጭ የሥጋ መረቅ ጋር አዘዘች፣ አንድም ሳታስተርፍ በላች።

ከዚያ ወዲህ ሮይስ እዚያ ቤት አልታየም። ወንዙን ተሻግሮ፣ ማንም እሱን በማያውቅበት አንድ ቤት ቁርሱን እንደሚበላ ኤፍራይን ሰምቶ የቤቱን ስም ጭምር ነገራት።

"እስኪ አሁን እንኳ ተይው" አላት።

"ትቼዋለሁ" አለች ኖርሊን የፒካፗን መስታወት እየወለወለች። "የቤቱን ስም ግን ድገምልኝ።"