የዛተብኝ ሰው ዋስ

ሰውየውን ሌባ ያልሁት በአንድ አካፋ ምክንያት ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔም ጎንደር ከተማ ተምሬ፣ ትንሽ እንግሊዝኛም ለቃቅሜ፣ በዳባትና በደባርቅ መካከል ያለውን መንገድ የሚጠግኑ ሠራተኞች አላፊ ሆኜ ተሾምሁ። ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሥሬ ካሉት አርባ ያህል ሰዎች ብዙዎቹ በአባቴ ዕድሜ ስለነበሩ እንዳይንቁኝ እሰጋለሁ፤ ስለዚህም ሳልቆጣ የተቆጣሁ ለመምሰል እጮህ ነበር። የምር ስቆጣማ አያድርስ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ዕቃ ሲቆጠር አንድ አካፋ ጎደለ። መጨረሻ የያዘው ከጭልጋ የመጣ፣ ዝምተኛና ጠንካራ ሠራተኛ ነው አሉኝ። ጠርቼ ጠየቅሁት፤ አሸዋ በሚያመላልሰው ማኪና ላይ ጫንሁት አለ። ነጂው ደግሞ አላየሁም አለ። ነገሩን ሳላጣራ፣ አርባ ሰው ፊት፣ «አንተ ሌባ! ለማን ሸጥኸው?» አልሁት።

ሰውየው ቀስ ብሎ ዶማውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ሌባ ያለኝን አፍህን አፈር ሳላስልሰው ብቀር ያባቴ ልጅ አይደለሁም» አለና ሄደ።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ ቃል እንደ ዋዛ አይታለፍም። በማግስቱ ሥራውን የጎበኘሁት በሩቁ ነው። ሰው ከኋላዬ ሲያስል እደነግጣለሁ። ምሳዬን ሁለት ጊዜ ጎርሼ ተውሁት። ፈርቼ ነበር፤ መፍራቴ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

በዚያው ቀን ነጂው አንገቱን ደፍቶ መጣ። አካፋውን ማኪናው ላይ፣ ከአሸዋው ሥር አግኝቶት ነበር። ተቀብዬው ዕቃ ቤት አስገባሁና «ለማንም እንዳትናገር» አልሁት። ተሳሳትሁ ብል ከእንግዲህ ማን ይታዘዘኛል? ደግሞስ ከዛተብኝ በኋላ ይቅርታ ብለው ፈራ አይሉኝም? ያን ጊዜ ይህ አላፊነት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

ለፖሊስ ደብዳቤ ጻፍሁ። ሰዉ ሁሉ «አያ» የሚላቸው ሽማግሌ ዘበኛ ደብዳቤውን ስጽፍ አይተውኝ ኖሮ ገቡ።

«ልጄ፣ ይኸ ይቆይ። ፖሊስ ካሰረው ሲፈታ ይመጣብሃል። ይልቅ ዋስ አስጠራው።»

የአገሩ ሥርዓት ይህ ነበር። የዛተ ሰው በሕዝብ ፊት ቀርቦ ዋስ ይጠራል። ዋሱም «ይህ ሰው ደም ቢያፈስ እኔ እጠየቃለሁ» ይላል። ከዚያ ወዲያ የዛተው ሰው እጁን አያነሳም፤ ቢያነሳ ያመነውን ሰው ገደል መክተቱ ነውና። ዋስ ያጣ ግን ታስሮ ለፖሊስ ይሰጣል።

ሰኞ ጧት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ሁላችንም ጠጠሩ ክምር አጠገብ ተሰበሰብን። አያ መካከል ቆሙና «ዋስ ጥራ!» አሉት።

ማንም አልተነቃነቀም። ሠራተኛው ሁሉ የወገራና የዳባት ሰው ነው፤ እሱ ከጭልጋ ብቻውን የመጣ፣ ወንድምም አማችም የሌለው። ከኋላ አንዱ «ለማናውቀው ሰው ደም ማን ይገባል?» ሲል ሰማሁ። አያ ጥቂት ጠበቁና ወደ እኔ ዞር ብለው «እንግዲህ ደብዳቤህን ላከው» አሉ።

«ዋስ አለኝ» አለ ሰውየው። በአገጩ እኔን አሳየ። «እሳቸው።»

ሰዉ ሳቀ። አያ ግን ተቆጡ። «ምነው፣ ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም፣ አያ። በዚህ አገር ያባቴን ስም፣ ያያቴን ስም፣ መንደሬንም የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስቀጠር ጠይቀው ጽፈውታል። የቀረው ሰው ‹የጭልጋው› ነው የሚለኝ።»

ሳቁ ቆመ። አያ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። «አገሩንና ዘሩን የሚያውቅ ዋስ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ከፈቀደ።»

ሁሉም እኔን አየ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው፤ አካፋው ዕቃ ቤት ነው። ይህን ሰው ሳሳስረው ታየኝ።

«ዋስ ነኝ» አልሁ።

«እንግዲህ ቢገድልህ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለ አንዱ።

«እኔ ነኛ!»

ያን ቀን እንደ ሳቅነው ስቀን አናውቅም። እሱ ብቻ አልሳቀም። እኔ በደግነቴ ተደስቼ፣ በደሌንም የከፈልሁ መስሎኝ፣ ስለ አካፋው አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ወደ ቢሮዬ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ በክረምትም በበጋም አብረን ሠራን። ሲያየኝ እጅ ይነሳል፤ ዓይኔን ግን አያይም። ገደል ሥር ሳልፍ ቀድሞኝ የላላውን ድንጋይ በዶማው ይንዳል፤ ድንጋይ ቢመታኝ እንኳ በሱ መላከኩ አይቀርማ። እሱ እንዲህ ሲጠነቀቅልኝ ሰዉ ይጠነቀቅበት ነበር። ለምሳ ሲቀመጥ ስልቻቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ። ዕቃ በጠፋ ቁጥር ቀድሞ የሚፈተሸው የሱ ጎጆ ነው። በዓይኔ አያለሁ፤ ነገ እናገራለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲደርስ አፌ ይያዛል።

በመጨረሻ ወደ ጎንደር መዛወሬ ተነገረኝ። አያ መጡና ዋስ አገር ሲለቅ ዋስነቱን በሰሙት ሰዎች ፊት ማውረድ አለበት አሉኝ። የምሄድ ዕለት ማኪናው ሞተሩ ተነስቶ እየጠበቀኝ፣ ሰዉ ተሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከዋስነቴ ወርጃለሁ» አልሁ።

ሰውየው ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ብቅ አለ። ነጂው ወደ ኋላ ሲሸሽ አየሁት። እኔ ባለሁበት ቆሜ ጠበቅሁት።

«አሁን ዋስ የለኝም» አለ። «በኔና ባንቱ መካከል ማንም የለም። ይንገሩኝ። ሌባ ነኝ?»

ዱላውን አየሁ። ቀጥሎ ፊቱን አየሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያላየኝ ዓይኑ አፌ ላይ ተተክሏል።

«አይደለህም» አልሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት። «አይደለህም! አካፋው ማኪናው ላይ ነበር። በማግስቱ ተገኝቷል። እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

ሰውየው ዱላውን ከትከሻው አወረደና ተመረኮዘው።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ነጂው ያኔውኑ በምስጢር ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳትናገር?»

«እኔ ብናገር» አለ፣ «ሌባ ተናገረ ነበር የሚሉት።»